መዋጮው ይቅር፣ ዳቦ ቆሎ ይምጣ

እነሆ ገና እየደረሰ ነው። ከበዓሉ በፊት ባለው የመጨረሻ የትምህርት ቀን የክፍል ፓርቲ ለማድረግ ብዙ ክፍሎች ከወዲሁ እየተነጋገሩ ነው። እኔም በዚህ ጉዳይ ላይ ሐሳቤን ልገልጽ ብዕሬን አነሣሁ። ሐሳቤ አጭር ነው፦ ለፓርቲ ብር ማዋጣት እናቁም። በምትኩ እያንዳንዳችን አስቀድሞ ቤት የተዘጋጀ፣ ሳይበላሽ የሚቆይ፣ በእጅ እየተነሣ የሚበላ ነገር ይዘን እንምጣ።

ለምን? በመጀመሪያ ስለ መዋጮው እንነጋገር። የክፍል ፓርቲ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ለስላሳ፣ ብስኩት፣ ከረሜላና ፊኛ ነው። ይሄ ሁሉ በብር ነው የሚገዛው። ስለዚህ የክፍል አለቃ ስም ይጽፍና የከፈለው ስም ላይ ምልክት ያደርጋል። ያልከፈለው ስም ባዶውን ይቀራል፤ ሁሉም ያየዋል። ከዚያ በፓርቲው ቀን ምን ይሆናል? ያልከፈለው ልጅ አይመጣም። በኋላ ሲጠየቅ «አሞኝ ነው» ወይም «ቡና ለቀማ ሄጄ ነው» ይላል። እውነቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ግን ማንም አይናገርም። ሦስት ወንድምና እህት ሆነው የሚማሩም አሉ፤ እነሱ ቤት መዋጮው በሦስት ይባዛል። የበዓል ደስታ ለከፈለ ብቻ ከሆነ በዓል ነው እንዴ?

አንዳንድ ልጆች «ከቤት ማምጣትስ ወጪ አይደለም ወይ?» ሊሉኝ ይችላሉ። ነው። ግን ሁለት እፍኝ ቆሎ ከቤት ማምጣትና ጥሬ ብር መጠየቅ አንድ አይደለም። እዚህ ጪጩ የብዙ ሰው ጓሮ እንሰት አለው፣ ሙዝ አለው፣ አቮካዶ አለው። ኪስ ውስጥ ግን ሁልጊዜ ብር የለም።

ሁለተኛው ችግር ጊዜ ነው። ታኅሣሥ የቡና ወር ነው። እናቶቻችን ከጠዋት ጀምረው ቀይ ቡና ሲለቅሙ፣ የተሰጣውን ሲያገላብጡ ነው የሚውሉት። የፓርቲው ዕለት ጠዋት «እማዬ፣ ምግብ ሥሪልኝ» ብሎ ማስቸገር ደግ አይደለም። ለዚህ ነው አስቀድሞ የሚዘጋጅ ነገር ይሻላል የምለው።

ይሄ ዘዴ አዲስ አይደለም። ድሮ መኪና ሳይኖር ሩቅ መንገድ የሚሄድ ነጋዴና ዘማች ስንቁ ቆሎ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ነበር። ደረቅ ስለሆነ አይበላሽም። ምግብ የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕዋሳት ለመራባት እርጥበት ይፈልጋሉ፤ እርጥበት ካጡ መራባት አይችሉም። በውጭ አገርም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ ጀርመን ውስጥ ለገና የሚበላውን ብስኩት ከሳምንታት በፊት ጋግሮ በቆርቆሮ ዕቃ ማስቀመጥ የቆየ ልማድ ነው።

ታዲያ ምን እናዘጋጅ? እኔ በቀን በቀን ከፍዬዋለሁ።

ከሳምንት በፊት ዳቦ ቆሎና ቆሎ። ዳቦ ቆሎ እንዲህ ይሠራል። 4 ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ ብርጭቆ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና ግማሽ ብርጭቆ ዘይት ይደባለቃል። ውሃ ትንሽ በትንሽ እየተጨመረ ጠጠር ያለ ሊጥ እስኪሆን ይታሻል። ሩብ ሰዓት ያህል ያርፍና እንደ እርሳስ ቀጠን ተደርጎ ይድቦለቦላል፤ ከዚያ በሽምብራ መጠን ይቆራረጣል። በምጣድ ወይም በመጥበሻ፣ በዝግታ እሳት፣ እየተማሰለ ቡናማ እስኪሆን ይቆላል። የሚያቃጥል የሚወድ ሰው ስኳሩን ትቶ በርበሬ ይጨምር። ዋናው ነገር በደንብ ሳይቀዘቅዝ ዕቃ ውስጥ አለመክደን ነው፤ ትኩሱን ከከደኑት እንፋሎቱ ያለሰልሰዋል። የገብሱም ቆሎ እንደዚሁ ቀዝቅዞ ይከደናል፤ ኦቾሎኒ ወይም ሱፍ ከተገኘ ይደባለቅበታል።

ዋዜማውን ማታ ቆጮና የበሶ ጭብጦ። ቆጮው ሳሳ ተደርጎ ይጋገርና እንደ ክብሪት ቀፎ በትንንሹ ይቆረጣል፤ ከዚያ ምጣድ ላይ ተመልሶ ደረቅ እስኪል ይጠበሳል። በሶው በትንሽ ዘይት፣ በስኳርና በጥቂት ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይታሽና በእጅ ይጨበጣል።

ጠዋት የሚሠራው ትንሽ ብቻ ነው። ፈንዲሻ ካደረ ስለሚለሰልስ ጠዋት ይፈነዳ። አቮካዶም ቀድሞ ከተፈጨ ይጠቁራል፤ ጠዋት በጨውና በሎሚ ይፈጭና ለቆጮው ማጥቀሻ ይሁን። ዳጣ ያለውም ዳጣ ያምጣ። ሙዝ ደግሞ ምንም ሥራ የለውም፤ እግዚአብሔር ራሱ ጠቅልሎታል!

ሳምቡሳን ሁላችንም እንደምንወደው አውቃለሁ፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ውስጡ ያለው ምስር እርጥብ ስለሆነ በኛ አገር ሙቀት ቶሎ ይበላሻል። ጠዋት መጠበስ አለበት፣ ዘይቱም ብዙ ነው። ስለዚህ ለክፍል ፓርቲ አልመክረውም።

ሌላም ጥቅም አለ። ከገና በፊት ያለው ጊዜ ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ነው። በየክፍላችን ደግሞ ኦርቶዶክስም፣ ፕሮቴስታንትም፣ ሙስሊምም ተማሪ አለ። ወተት ወይም እንቁላል የገባበት ብስኩት ቢመጣ ጿሚው አይበላም። ሥጋ ቢመጣ ደግሞ «ማን ነው ያረደው?» ተብሎ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። ከላይ የዘረዘርኳቸው ግን ቅቤም፣ ወተትም፣ ሥጋም የለባቸውም። ሁሉም ከአንድ ሰፌድ መብላት ይችላል። ከአንድ ሰፌድ ካልበላን አብረን አከበርን ይባላል?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ቆጮ ይዞ ትምህርት ቤት መምጣት ያሳፍራል» የሚሉ ልጆች አሉ። ብስኩት ያመጣው ይከበራል፣ ቆጮ ያመጣው ይሳቅበታል። እኔ በዚህ በጣም አዝናለሁ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የተመዘገበው ትክል ድንጋዩ ብቻ አይደለም። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና የሚበቅልበት የአባቶቻችን እርሻም ነው። በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከእንሰት ይመገባል ይባላል። ዓለም የመዘገበልንን ጓሮ ይዘን፣ የጓሮውን ምግብ ግን ከቦርሳችን ለማውጣት የምናፍር ከሆነ ምኑን ተማርን? ደግሞ አስቀድሞ ማዘጋጀት ከተባለ ከቆጮ የሚበልጥ የለም። እንሰቱ ተፍቆ፣ በኮባ ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቦካል፤ ለሳምንታትና ለወራት ይቆያል። በደራሮ በዓል የምንኮራበትን ባህል በክፍል ፓርቲ ልንደብቀው አይገባም።

መምህሮቻችን ስለ ንጽሕና ቢያስቡ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ደንብ እናውጣ። የሚሠራም የሚበላም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ምግቡ በንጹሕ ክዳን ያለው ዕቃ ይምጣ እንጂ በአሮጌ ደብተር ወረቀት አይጠቅለል፤ ቀለሙ ምግቡ ላይ ይለቃልና። ሳህን መግዛትም አያስፈልግም፤ ታጥቦ የደረቀ የሙዝ ቅጠል ወይም ኮባ ይበቃል።

ወንዶች ልጆችም ስሙኝ። «ዳቦ ቆሎ የሴት ሥራ ነው» ብላችሁ እህታችሁ ላይ አትጣሉት። ሊጥ ለማሸት ጉልበት ነው የሚያስፈልገው፤ ኳስ ሜዳ ላይ ሲሆን ጉልበት አለን ትሉ የለም እንዴ? እሳቱ ጋ ግን ትልቅ ሰው ይኑር።

ምንም ማምጣት የማይችል ልጅስ? እሱም ቅጠል ይቁረጥ፣ ውሃ ይቅዳ፣ ወንበር ያስተካክል። ያለሱ ፓርቲው አይሆንም። ከሁሉ በላይ አንድ ነገር እለምናለሁ፦ የመጣው ሁሉ ደወል ሳይደወል ለክፍል ኃላፊው መምህር ይሰጥና አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀላቀል። ማን ምን አመጣ፣ ማን ትንሽ አመጣ የሚል ዝርዝር አይጻፍ። 60 ልጅ ባለበት ክፍል እያንዳንዱ አንድ አንድ ብርጭቆ ቆሎ ቢያመጣ 60 ብርጭቆ ነው። ይሄንን ማን ይጨርሰዋል? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የክፍል አለቆች፣ የመዋጮ ዝርዝር ከመጻፋችሁ በፊት ይሄንን ጽሑፍ ለክፍላችሁ አንብቡላቸውና እጅ አስወጥታችሁ ወስኑ። ውድ መምህራንም ሐሳቡን ከደገፋችሁልን ከአሁኑ ንገሩን፤ ዳቦ ቆሎ አንድ ሳምንት ይፈልጋል። የማይስማማ ካለም ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን ይጻፍልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

መልካም የገና በዓል ለሁላችንም ይሁን።