ስምንት የምትባለው ቁጥር

የይፋት ገበሬ ማሾውን ጭኖ ሸዋ ሮቢት ገበያ የወረደ እንደ ሆነ፣ ነጋዴው በኩንታል ቢናገረው እርሱ በኪሎ ይመልስለታል። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ መሆኑን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ በመስፈሪያ የሚያታልለው የለም። ፊደል ቆጥረናል ከምንለው መካከል ግን፣ ተማሪውም ሆነ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ፣ በየቀኑ ገንዘብ የሚከፍልበትን የኢንተርኔት መስፈሪያ ለይቶ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

በቅርቡ ከተማሪዎቼ አንዱ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ። «መምህር፣ የመስመሩ ፍጥነት በሴኮንድ 4 ሜጋ ነው ተብሏል። ያወረድኩት የትምህርት ፊልም 600 ሜጋ ነው። 600 ለ4 ሲካፈል 150 ሴኮንድ፣ ማለት 2 ደቂቃ ተኩል ነው። ታዲያ ለምን 20 ደቂቃ ፈጀብኝ? ሰረቁኝ ማለት ነው?»

ማካፈሉን በሚገባ አካፍሏል። የሳተው ሁለቱን «ሜጋዎች» አንድ አድርጎ በመቁጠሩ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ቢት የሚባለው የመረጃ ሁሉ ታናሽ ቅንጣት ሲሆን፣ ዜሮ ወይም አንድ ከመሆን አያልፍም። ስሙን አሜሪካዊው ሊቅ ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጽሑፍ ለዓለም አስታወቀው። ባይት ደግሞ የ8 ቢት ስብስብ ነው፤ ይህንንም ስም እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣለት በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ይሠራ የነበረው ቨርነር ቡክሆልዝ ነው። በመስመር የሚጓዝ መረጃ ቢት በቢት ስለሚቆጠር ፍጥነቱ በቢት ይነገራል፤ በስልክና በኮምፒዩተር ውስጥ የሚቀመጠው ግን በባይት ይሰፈራል። እንግዲህ በሴኮንድ 4 ሜጋቢት ማለት በሴኮንድ ግማሽ ሜጋባይት ማለት ነው። 600ው ሜጋባይት በዚህ ሲካፈል 1,200 ሴኮንድ ይሆናል፤ ይኸውም 20 ደቂቃ ነው። የሰረቀ ሰው የለም!

ደንቡ አጭር ነው። ከቢት ወደ ባይት ለመሄድ ለ8 አካፍሉ፤ ከባይት ወደ ቢት ለመመለስ በ8 አባዙ። በእንግሊዝኛ ምህጻር ሲጻፍ ትንሹ «ቢ» ቢትን፣ ትልቁ «ቢ» ባይትን ያመለክታል። 1,000 ኪሎ አንድ ሜጋ፣ 1,000 ሜጋ አንድ ጊጋ ነው። አንዳንድ ኮምፒዩተር በ1,000 ፈንታ በ1,024 ስለሚቆጥር በሜጋ ላይ 5 በመቶ ያህል ልዩነት ቢታይ አያስደንቅ።

ይህ ሒሳብ ለኪስም ለእንጀራም ነው። አንድ ጊጋባይት ጥቅል የገዛ ሰው በዚያው የ4 ሜጋቢት መስመር ሳያቋርጥ ቢያወርድ፣ ጥቅሉ በ33 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ያልቅበታል። ደግሞም ብዙ ጊዜ የመላኪያው ፍጥነት ከመቀበያው ያነሰ ነው። የሥራ ማመልከቻ የሚልክ ሰው ሰነዱ 45 ሜጋባይት፣ መላኪያው በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ቢሆን 6 ደቂቃ ያስፈልገዋል። «45 ሴኮንድ ይበቃኛል» ብሎ ምዝገባው 11 ሰዓት ተኩል ሲዘጋ በ11 ሰዓት ከ28 የጀመረ እንደ ሆነ፣ ሥራው ለሌላ ሰው ይሆናል። በዚያ ላይ በውሉ የተጻፈው ፍጥነት የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ከአዲስ አበባ ሲበር የመጣ አውቶቡስ የጣርማበርን ቁልቁለት ቀስ ብሎ እንደሚወርድ፣ መረጃም መንገዱ በጠበበበትና መንገደኛው በበዛበት ቦታ ያዘግማል።

አሁን ደግሞ አንድ ደስ የሚያሰኝ ስሌት ልጨምር። በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲወስድ የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ይህ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን 100,000 ፊደል ያለው የአማርኛ መጽሐፍ፣ ገጹ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሳይሆን በፊደል ተጽፎ የገባ ከሆነ፣ ክብደቱ 300 ኪሎባይት ብቻ ነው። በ8 ስናባዛው 2,400 ኪሎቢት ይሆናል፤ በ4 ሜጋቢት መስመርም በ0.6 ሴኮንድ ይደርሳል። በፊልሙ ክብደት ከእንዲህ ያለው መጽሐፍ 2,000 ይገኛል።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፣ ጥቅላችሁ አነስተኛ ቢሆን አትዘኑ። ከፊልሙ በፊት ጽሑፉን ፈልጉ፤ ከማውረዳችሁም በፊት ስምንትን አስቡ።