ሥራ አስኪያጁ ተመረጠ፤ ባለቤቱንስ ማን ጠየቃት?

ወደ ውጭ አገር የሚላክ ሥራ አስኪያጅ ሲመረጥ የሚታየው የትምህርት ማስረጃው፣ የአገልግሎት ዘመኑና የሥራ ውጤቱ ነው። ባለቤቱ ደመወዝተኛ ትሁን አትሁን፣ ልጆቹ ስንተኛ ክፍል እንደደረሱ፣ እናቱን የሚጦረው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ኮሚቴ እምብዛም የለም። «የቤት ጉዳይ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ብዙ ሹመት የሚበላሸው ግን እዚያው ቤት ውስጥ ነው።

የማኔጅመንት ተመራማሪዋ ሮዛሊ ታንግ እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጡት ጥናት፣ የአሜሪካ ኩባንያዎች ውጭ የላኳቸው ሰዎች ለምን እንዳልተሳካላቸው ሲጠየቁ በአንደኛነት ያስቀመጡት የትዳር ጓደኛ ከአዲሱ አገር ጋር አለመላመድን ነበር። የሙያ ችሎታ ማነስ የመጣው ወደ ዝርዝሩ መጨረሻ ነው። ጃፓኖቹ በአንጻሩ የትዳር ጓደኛን ነገር ከሁሉ በኋላ ጠቀሱ። ይሁንና ብዙ የጃፓን ሥራ አስኪያጆች ለልጆች ትምህርት ሲሉ ቤተሰቡን አገር ቤት ትተው ብቻቸውን የመሄድ ልማድ አላቸው። ችግሩ ከኩባንያው መዝገብ ወጣ እንጂ ከሰውየው ትከሻ አልወረደም።

እርግጥ «ከመቶ ይህን ያህሉ ሳይሳካላቸው ይመለሳሉ» እየተባለ የሚነገረውን ቁጥር ሁሉ ማመን አይገባም። አን-ዊል ሃርዚንግ እ.ኤ.አ. በ1995 ምንጩን ተከታትለው መሠረቱ ስስ መሆኑን አሳይተዋል። ደግሞስ ትልቁ ኪሳራ ሥራውን ጥሎ የተመለሰው ነውን? ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ልቡ አዲስ አበባ የቀረው ይበልጥ ያከስራል፤ ውሳኔ ያዘገያል፣ ከደንበኛ ጋር ይቆጣል፣ ደመወዙን ግን በዶላር ይወስዳል።

ጉዳዩ የኛም ሆኗል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2010 በረራ ለጀመረው አስካይ ሎሜ ድረስ ኃላፊዎች ልኳል፤ ንግድ ባንክም ጁባ ላይ ቅርንጫፍ ከፍቷል። ሎሜ የሚሄደው ቤተሰብ ልጁን ከእንግሊዝኛ ትምህርት አውጥቶ ፈረንሳይኛ ውስጥ ሊያስገባ ነው። ሚስት ሥራዋን ለቃ ብትከተል፣ የሥራ ፈቃድ ካላገኘች፣ በሁለት ደመወዝ የኖረ ቤት በአንድ ሊተዳደር ነው። ተሿሚዋ ሴት ስትሆንማ ባልየው ሥራውን ትቶ ይከተላል ብሎ የሚጠብቅ እንኳ ጥቂት ነው። ቤተሰቡ ከቀረ ደግሞ ለቅሶው፣ ሠርጉ፣ የእናት ሕመም በስልክ ይደርሳል። አበል ይህን ሁሉ አይሸፍንም።

ከውጭ ለሚመጡትም እንዲሁ ነው። የቴሌኮም ገበያው እ.ኤ.አ. በ2021 ለሳፋሪኮም ተከፍቷል፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅም ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። የሚመጣው ኃላፊ ባለቤት የራሷ የሥራ ፈቃድ ከሌላት መቀጠር አትችልም፤ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያም ቀላል አይደለም። ከዚህ ሰው ጋር ሽርክና የሚዋዋል የአገር ውስጥ ባለሀብት፣ ዘንድሮ የጨበጠው እጅ ለከርሞ መኖር አለመኖሩ የራሱ ጉዳይ ነው።

ወጪው ከኪሳራው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ባልና ሚስቱን ከመፈራረም በፊት ለአንድ ሳምንት ወደ ቦታው መላክ፣ ባለቤትየዋን ለብቻዋ ማነጋገር፣ የትምህርት ቤት ክፍያንና በዓመት ሁለት ጊዜ አገር ቤት የሚያደርስ ትኬትን ውል ውስጥ ማስገባት ይቻላል። «አልሄድም» ያለውን ሠራተኛ ደግሞ እድገቱን አለመያዝ።