ከ13 ቀጥሎ የሚመጣው ቍጥር

«4፣ 7፣ 10፣ 13፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ቍጥር ጻፍ» የሚል ጥያቄ በፈተና ቢቀርብላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ብዙዎቻችን ሦስት እየጨመርን 16 እንላለን፤ ማርኩንም እናገኛለን። በበኩሌ ግን ቍጥሮቹ ከየት እንደ መጡ ሳይነገር እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ የለበትም ባይ ነኝ።

ምክንያቴን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በመሰላ ማሽላ የማይገኝበት ቤት የለምና ጥቂት ፍሬ ያዙ። በደብተራችሁ 5 በ5 የሆነ 25 ቤት ሥሩ። በየቤቱ አንድ ፍሬ አኑሩ፤ ወይም ባዶውን ተዉት። ዳሩ ግን ሁለት ረድፍና ሁለት ዐምድ በሚገናኙባቸው አራት ቤቶች ሁሉ ፍሬ አይግባ፤ ይኸውም አራት ማዕዘን እንዳይዘጋ ነው። 12 ፍሬ በብልኃት ይቀመጣል። 13 ግን ከቶ አይሆንም። ለምን ቢባል፣ በአንድ ዐምድ 3 ፍሬ ካለ 3 ጥንድ ይወጣል፤ 2 ካለ 1 ጥንድ። 13ቱን በተቻለ መጠን እኩል ብናካፍል 3፣ 3፣ 3፣ 2፣ 2 ይሆናል፤ ጥንዱም 11 ነው። አከፋፈሉ ከዚህ ቢዛባ ጥንዱ ይበዛል እንጂ አያንስም። ከ5 ረድፍ የሚገኘው ልዩ ልዩ ጥንድ ግን 10 ብቻ ስለ ሆነ፣ አንዱ ጥንድ በሁለት ዐምድ መደገሙ ግድ ነው።

እንግዲህ አራት ማዕዘን የማይቀርበት ቍጥር በ2 በ2 ላይ 4፣ በ3 በ3 ላይ 7፣ በ4 በ4 ላይ 10፣ በ5 በ5 ላይ 13 ነው። በ6 በ6 ላይ ግን 16 ፍሬ ያለ አንዳች አራት ማዕዘን ይቀመጣል፤ የሚቀጥለው ቍጥር 17 ነው! ከዚያም 22፣ ከዚያም 25 ይመጣል። በ8 በ8 ላይ የጥንዱ ቈጠራ ራሱ አይበቃም፤ እርሱ 26 ሲል እውነተኛው 25 ነው። ጥያቄውን እ.ኤ.አ. በ1951 ያነሣው ፖላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ዛራንኪየቪች ሲሆን፣ ለማናቸውም ስፋት የሚያገለግል ቀመር እስካሁን አልተገኘም።

«ይህ ለተማሪ ይከብዳል፤ ጥያቄው አእምሮን ለማፍታታት ነው» የሚሉኝ አይጠፉም። ይሁን፤ ነገር ግን ምክንያቱን ጽፎ 17 ያለ ተማሪ በምን ሕግ ዜሮ ይሰጠዋል? «ሦስት እየተጨመረ ሲሄድ» የሚል ሐረግ መጨመር ስንት ቀለም ይፈጃል?

በ6 በ6 ላይ 16ቱን ፍሬ ያስቀመጠ ጓደኛ ካለ፣ ደብተሩን ይዞ ይምጣና እንተያይ።