የኩላሊት እጥበት ታካሚዎች የደም ግፊት ከማዕከሉ ውጭም ሊለካ ይገባል

የኩላሊት እጥበት የሚከታተሉ ሰዎችን በብዛት ለሞት የሚዳርገው የልብና የደም ሥር ሕመም ነው። ኩላሊት ሥራውን ሲያቆም በሽንት መወገድ የነበረበት ውኃና ጨው በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ የደም ግፊት ይጨምራል፤ ልብም ጫናውን ለመቋቋም ሲታገል ግድግዳው እየወፈረ፣ እየደከመም ይሄዳል።

በተለመደው አሠራር ታካሚው በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየዙሩ አራት ሰዓት ያህል ይታጠባል። ከሳምንቱ 168 ሰዓታት በባለሙያ ዓይን ሥር የሚኾነው 12 ሰዓት ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ወጪው ከባድ በመኾኑ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚታጠቡ ብዙዎች ናቸው።

በማዕከሉ የሚለካው ግፊት ሙሉውን እውነት አይናገርም። ከእጥበት በፊት ሰውነት ፈሳሽ ተሸክሞ ስለሚቆይ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ፈሳሹ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ዝቅ ይላል። ሌሊት ተነስቶ ከገጠር በመኪና የመጣ ሰው ላይ የመንገዱ ድካምም ይጨመራል። በእጥበት ቀናት መካከል በቤት ውስጥ የሚለካው ግፊት የልብን አደጋ በተሻለ እንደሚያመላክት ጥናቶች አሳይተዋል። በሳምንት ሦስት ጊዜ በሚታጠቡት ላይ ሞትና የልብ ሕመም የሚበዛው ረጅሙ የሁለት ቀን ክፍተት ሲያበቃ ነው። ሁለት ጊዜ ለሚታጠብ ሰው ግን ክፍተቱ ኹልጊዜም ረጅም ነው።

አለካኩ ቀላል ነው። ታካሚው አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ካረፈ በኋላ ጠዋትና ማታ ይለካል፤ ቁጥሩን በደብተር ጽፎ ለሐኪሙ ያሳያል። ለእጥበት የደም ሥር በቀዶ ሕክምና በተገናኘበት ክንድ ግን ፈጽሞ መለካት የለበትም፤ ጫናው የደም ሥሩን ሊዘጋው ይችላል።

ቁጥሩ ከፍ ሲል መድኃኒት በራስ መጨመር አደገኛ ነው። በእጥበት ላይ ግፊት በድንገት ከወረደ ልብ በቂ ደም አያገኝም። አብዛኛውን ጊዜ ቀዳሚው መፍትሔ ጨውን መቀነስ ነው፤ ጨው ያስጠማል፣ ጥሙም ውኃ ያስጠጣል። ወጡ ብቻ ሳይኾን በየገጠሩ ቡና ላይ የሚጨመረው ጨውም ይቆጠራል።

የመለኪያው ዋጋ ከአንድ ወር የእጥበት ወጪ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። መግዛት ለማይችሉት ደግሞ በአቅራቢያቸው ያለው ጤና ጣቢያ አለ፤ የእጥበት ማዕከላት ታካሚው በመጣ ቁጥር ደብተሩን መጠየቅ ቢጀምሩ ለዚህ ተጨማሪ በጀት አያስፈልጋቸውም።