ቴስታ ይቅር ወይስ ይቆይ?

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ ኳስ የሚገዛ ሰው ዋጋውን ይጠይቃል፣ ከዚያ መሬት ላይ አንጥሮ ያያል። በደንብ ከነጠረ ይገዛል። ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የ8 ዓመት ልጅ ለአዋቂ የተሠራውን 5 ቁጥር ኳስ ታቅፎ ወደ ሠፈሩ ይገባል፤ ፀሐይ በረድ ሲል ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ያንኑ ኳስ በቴስታ ይገጫል። የዚያ ኳስ ክብደት በጨዋታው ሕግ ከ410 እስከ 450 ግራም ነው። ቴስታ አንጎል ይጎዳል ወይ የሚለው፣ አውሮፓን ለዓመታት ያከራከረው ጉዳይ ድሬ ሲደርስ መልኩን የሚቀይረው እዚህ ላይ ነው።

ክርክሩን ያቀጣጠለው የጄፍ አስትል ሞት ነው። የእንግሊዙ ክለብ የዌስት ብሮምዊች አልቢዮን አጥቂ በቴስታ ጎሎቹ የታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በ59 ዓመቱ ሲሞት፣ አሟሟቱን የመረመሩት ባለሥልጣን ሞቱ ከሥራው የመጣ በሽታ ውጤት ነው ብለው ወሰኑ። ከ12 ዓመት በኋላ አንጎሉን ዳግም ያዩት ዶክተር ዊሊ ስቱዋርት በቦክሰኞች ላይ የሚታየውን ዓይነት ጉዳት አገኙበት። እኚሁ ሐኪም የመሩት የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ጥናት በ2019 ሲወጣ ደግሞ ነገሩ ከአንድ ሰው ታሪክ አለፈ። 7,676 የቀድሞ የስኮትላንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ከ23,000 ገደማ ሌሎች ሰዎች ጋር ተነጻጸሩ፤ ተጫዋቾቹ በመርሳት በሽታና በመሰል የአንጎል ሕመሞች የመሞት ዕድላቸው 3 ተኩል እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ቆይቶ በተሰለፉበት ቦታ ሲከፋፈል፣ የተከላካዮቹ አደጋ ወደ 5 እጥፍ ወጣ። በረኞቹ ግን ከተራው ሰው ብዙም አልራቁም። እኔን ከቁጥሮቹ ሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ የበረኞች ነገር ነው። ሜዳው አንድ፣ ዘመኑም አንድ ሆኖ ሳለ፣ ኳስ በግንባሩ እምብዛም የማይገጨው ሰው ተረፈ።

ለቴስታ የሚከራከረው ወገን መልስም እንዲሁ የሚጣል አይደለም። ጥናቱ ማን ስንት ኳስ እንደገጨ አልቆጠረም። ተከላካይ ኳስ ብቻ አይደለም የሚገጨው፤ ከአጥቂ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ይላተማል፣ ክርን ይቀምሳል። ድንገተኛ የአንጎል መናጋት በብዛት የሚመጣውም ከኳሱ ሳይሆን ከእንዲህ ዓይነቱ ግጭት ነው። በ2020 የዎልቭሱ ራውል ሂሜኔዝ ከአርሰናሉ ዴቪድ ሉዊዝ ጋር ተላትሞ ራስ ቅሉ ተሰንጥቋል። «የድሮው የቆዳ ኳስ ውሃ ሲጠጣ ድንጋይ ይሆን ነበር፤ የዛሬው ሌላ ነው» የሚለው ክርክር ግን ብዙ አያሳምነኝም። ደረቅ ኳስ ያኔም ዛሬም ክብደቱ ያው ነው፤ የዛሬው ውሃ ባይጠጣም ፍጥነቱ ብሷል። ደግሞስ ድሬ ላይ ኳስ የሚርሰው በዓመት ስንት ቀን ነው?

ከዚያው ከግላስጎው ጥናት ብዙ ጊዜ የሚዘለል ሌላ ውጤትም አለ። ተጫዋቾቹ በልብ ሕመምና በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሰው ያነሰ ነበር፤ ዕድሜያቸውም በአማካይ 3 ዓመት ገደማ ረዝሟል። ልጁን በፍርሃት ከሜዳ የሚያስቀር ወላጅ ይህንንም አብሮ ይመዝን። ኳስ የተወ ወጣት ከሰዓት በኋላውን በምን እንደሚያሳልፍ ለድሬ ሰው አይነገርም።

ልጆች ቴስታ ይተዉ ሲባል የእኛ አገር አሠልጣኞች የሚያነሡት ተቃውሞ ደግሞ የራሱ ምክንያት አለው። ጨዋታችን መሬት ለመሬት ነው፣ ከኮርነርና ከክንፍ በሚሻገር ኳስ እንቸገራለን፤ ቴስታን ከልጅነቱ ያልለመደ ተጫዋች አድጎ ከረጃጅም ተጋጣሚዎች ጋር ሲገናኝ ምን ሊሆን ነው ይላሉ። ድሬዳዋ ስታዲየም በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ናይጄሪያን፣ ዛየርን፣ ሱዳንንና በመጨረሻ ዋንጫውን የወሰደችውን ሞሮኮን ያስተናገደ ሜዳ ነው፤ እዚህ ከተማ «ኳስ ቀንሱ» ማለት ቀላል አይደለም። ቴስታ በ13 ዓመቱ የሚጀምር ልጅ አንገቱን ሳያጠነክር፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይገጫል፣ የባሰ ይጎዳል የሚሉም አሉ። ይህ ሥጋት እውነት አለው። ግን ዘዴው በቀላል ላስቲክ ኳስ፣ ወይም በጨርቅ ኳስ፣ ከእጅ በሚወረወር ኳስ ሊለመድ ይችላል። አሠልጣኙ ከርቀት የጠለዘውን 5 ቁጥር ኳስ ሠላሳ ጊዜ መግጨት ግን ትምህርት አይደለም። የልጅ ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ፣ አንገቱ ደግሞ ቀጭን ነው፤ ኳሱ ሲያርፍበት አንጎሉ ውስጥ ለውስጥ ይናጣል።

ሌሎች አገሮች ሙሉ ማረጋገጫ እስኪመጣ አልጠበቁም። አሜሪካ በ2015 የ10 ዓመትና ከዚያ በታች ልጆች ቴስታ እንዳይጫወቱ ከለከለች። እንግሊዝ በ2020 ከአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ልምምድ አወጣችው፤ በቀጣዩ ዓመት ለፕሮፌሽናሎቹም በሳምንት ልምምድ ከ10 በላይ ጠንካራ ቴስታ እንዳይኖር መከረች። የስተርሊንግ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2016 እንዳሳዩት 20 ኳስ የገጩ ተጫዋቾች የማስታወስ ችሎታቸው ወዲያው ቀንሶ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመልሷል። መመለሱ ያጽናናል። በየቀኑ ለሚለማመድ ልጅ ግን ነገ ሌላ 20 ይጠብቀዋል።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። አዋቂው አደጋውን አውቆ ይግጭ፤ ከጨዋታው ቴስታን ማውጣት በአሁኑ ማስረጃ አይገባም። ከ12 ዓመት በታች ላለው ግን በልምምድ ላይ መደጋገሙ ይቅር፤ የሚያሳጣን ነገር ትንሽ ነው፣ ሊያተርፈን የሚችለው ብዙ። ከዚህ ሁሉ የሚቀድም፣ ሁለቱም ወገን የማይከራከሩበት ጉዳይም አለ። ዓለም አቀፉ ሕግ ከ2024 ጀምሮ ጭንቅላቱን ለተመታ ተጫዋች ተጨማሪ ቅያሪ ፈቅዷል። በሠፈር ዋንጫ ላይ ግን ሐኪም የለም፤ የወደቀው ልጅ ራሱ ላይ ውሃ ይፈስበታል፣ ይጨበጨብለታል፣ ይመለሳል። የፕሮጀክትና የሠፈር አሠልጣኞች ሆይ፣ ተመትቶ የዞረበትን ልጅ የዚያን ቀን ወደ ሜዳ አትመልሱት፤ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ራስ ምታቱ ከበረታ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዱት። ወላጆችም ታይዋን ስትወርዱ ለትንሹ ልጅ 3 ቁጥር፣ ከፍ ላለው 4 ቁጥር ኳስ ጠይቁ።