የመልእክተኛው ሥልጣን

ሀብትን በአንድ ጎተራ ብቻ ማኖር የጥንቃቄ ጕድለት መሆኑን ባልትና የምታውቅ እመቤት ሁሉ ትረዳዋለች። ስለዚህም በዛሬው ዘመን ታላላቅ መሥሪያ ቤቶች መዝገባቸውን በብዙ ኮምፒውተሮች አከፋፍለው ካኖሩ በኋላ፣ ራቅ ባለ ስፍራ ለሚገኝ ለሌላ የኮምፒውተሮች ስብስብ ግልባጩን ያስተላልፋሉ። እሳት ወይም ብልሽት አንደኛውን ቢያጠፋ ሁለተኛው ይተርፋልና።

ነገር ግን ግልባጩን የሚያደርሰው መልእክተኛ፣ ይኸውም በኮምፒውተሩ ውስጥ የተመዘገበው የተጠቃሚ መለያ፣ ሥልጣኑ ምን ያህል ነው? ብለን መጠየቅ ይገባናል። ግለስተር በተባለው የማከማቻ ሥርዐት በተለመደው አዘገጃጀት ይህ ሥራ የሚሰጠው ለ«ሩት»፣ ማለት ሁሉን ለማዘዝ ለሚችለው መለያ ነው። እንዲህ ሲሆን የላኪውን ቤት የሰበረ ሌባ በዚያው ቁልፍ ወደ ተቀባዩ ቤት ሊገባና ዋናውንም ግልባጩንም ሊያጠፋ ይችላል። እንግዲህ ሁለት ጎተራ መሥራት ምን ጠቀመ?

ለዚህ መልካም ምሳሌ በሞያሌ እናገኛለን። በኢትዮጵያና በኬንያ መካከል ያለው የአንድ ማዕከል የድንበር አገልግሎት ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ወደ ኬንያ የሚሻገር መንገደኛ የመውጫውንም የመግቢያውንም ጉዳይ በኬንያዋ ሞያሌ በአንድ ግቢ ይፈጽማል፤ የኢትዮጵያ ሹምም በጎረቤት ምድር ተቀምጦ ይሠራል። ሥልጣኑ ግን ለተመደበበት ጉዳይና ለተከለለው ስፍራ ብቻ ነው እንጂ የከተማው አዛዥ አይደለም።

የግልባጩም መልእክተኛ እንደዚሁ ይሁን። በግለስተር ሩት ያልሆነ መለያ ማቆም፣ ቁልፉንም ለተወሰነ ትእዛዝ ብቻ እንዲያገለግል ማሰር ይቻላል። ሴፍ በተባለውም ሥርዐት ለግልባጭ ሥራ የተለካ ፈቃድ ያለው መለያ ይዘጋጃል። አንድ መለያ ለብዙ ሠራተኞች አይሰጥ፤ ጥፋት ሲደርስ ማን እንዳደረገው አይታወቅምና። ሠራተኛውም ሥራ ሲለቅ ቁልፉ ወዲያው ይሰረዝ። ደግሞም ግልባጩ በዋናው የተሰረዘውን ተከትሎ ስለሚሰርዝ፣ ከመስመር ተለይቶ የሚቀመጥ ሌላ ቅጂ ያስፈልጋል።

ኬንያ በ2012፣ ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃን የሚጠብቅ ሕግ አውጥተዋል። በመዝገቡ ውስጥ ያለው የነጋዴው ቀረጥ፣ የመበለቲቱ ጡረታ፣ የሕፃኑም የልደት ቀን ነው። እነዚህ ባለቤቶች ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ለማየት አይችሉም፤ አምነው ሰጥተዋልና። ስለዚህ ቁልፍ ያዦች ሁሉ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን የአባቶች ምክር በጊዜው እንዲፈጽሙ እናሳስባለን።