የወደቀን ሰው ለማንሳት አንቸኩል

ደግነታችን አንዳንዴ ሰው ሽባ ያደርጋል ብል ትቀየሙኝ ይሆን?

ሰው ከፎቅ መወጣጫ ወይም ከዛፍ ሲወድቅ፣ መኪና ሲገጨው ምን እንደምናደርግ ታውቁታላችሁ። አንዱ ብብቱን፣ አንዱ እግሩን ይይዛል። «አይዞህ፣ ተነስ!» እያልን ልናቆመው እንታገላለን። እምቢ ሲለን አጥፈን ባጃጅ ውስጥ እንከተዋለን። ልባችን ቅን ነው፤ ችግሩ እጃችን ነው።

አከርካሪያችን አንገት ላይ 7፣ ከደረት በስተጀርባ 12፣ ወገብ ላይ 5 አጥንቶች አሉት። በመሃላቸው ህብለ ሰረሰር ያልፋል። እግራችን የሚታዘዘን፣ ሽንታችንን የምንቆጣጠረው በሱ በኩል ነው። አጥንቱ ተሰብሮም ህብለ ሰረሰሩ ሳይነካ ሊተርፍ ይችላል። እኛ ሰውየውን ስናጣምመው ግን ስብራቱ ተንሸራቶ ሊጎዳው ይችላል። ያኔ ታክሞ በእግሩ ይሄድ የነበረው ሰው ዕድሜ ልኩን ዊልቸር ላይ ሊቀር ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ቦታው ራሱ አደገኛ ካልሆነ አታንቀሳቅሱት። ጭንቅላቱንና አንገቱን ባለበት ደግፋችሁ ያዙ። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ። ማንሳት የግድ ከሆነ ብዙ ሆናችሁ፣ ራሱ፣ አንገቱና ወገቡ ቀጥ እንዳሉ፣ እኩል አንስታችሁ ጣውላ ላይ አስተኙት። እግሩ ከደነዘዘው ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ነገሩ በጣም አስቸኳይ ነው።

ወጌሻ አልንቅም። ግን የአከርካሪ ስብራት በእጅ ዳሰሳ አይለይም፤ መታሸት ደግሞ ጭራሽ ያብሰዋል። አጥንቱን ኤክስሬይና ሲቲ ስካን፣ ህብለ ሰረሰሩን ኤምአርአይ ያሳያሉ። «ሆስፒታል ከሄደ ይቀዱታል» ብላችሁም አትፍሩ። ስብራቱ የማይናጋ ከሆነ ብዙ ጊዜ በጀርባ ድጋፍና በማስታገሻ በሳምንታት ውስጥ ይጠግጋል። ቀዶ ህክምና የሚመጣው አጥንቱ ከተናጋ ወይም ነርቭ ከተጫነ ነው፤ ያኔ በብሎን ይታሰራል።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ስለ ህብለ ሰረሰር የተጠየቀውን ፈተና ላይ በትክክል የሚያጠቁር ተማሪ፣ ጎረቤቱ ሲወድቅ በክንዱ ጎትቶ የሚያነሳው ከሆነ ምን አስተማርነው? የመጀመሪያ እርዳታ በየትምህርት ቤቱ በተግባር መሰጠት አለበት። በየግንባታ ቦታውም እንደዚያው፤ ያውም ከሄልሜትና ከወገብ ማሰሪያ ጋር።

ክረምት ላይ ኮንስትራክሽን የምትውሉ ልጆቼ፣ ይቺን አንብባችሁ ለፎርማናችሁም አሳዩልኝ።